ብስክሌቱ ነው ያለፈበት ወይስ እኛ?

ስሙንማ! የአዲስ አበባ ሰው ብስክሌት ሊገዛ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ዋጋውን እንዳትሉን! "መለዋወጫ ይገኝለታል?" ነው የሚለው። እውነቱን ነው። እዚህ አገር ዕቃ የሚሞተው ሲሰበር ሳይሆን መለዋወጫው ሲጠፋ ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ግን የገዛነው መለዋወጫው ቀርቶ ስሙ እንኳ የጠፋበትን ነው። ብስክሌት ለማለትም ያስቸግር ነበር። ጎማ የለው፣ ካቴና የለው፣ ፔዳል የለው… አንድ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የኋላ ክንድ፣ የፊት ሹካና ብዙ አቧራ! ምናለሽ ተራ ላይ ከብረት ክምር ጋር በኪሎ ሊሸጥ ሲል ነው የደረስንበት። ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጫማ ያንስ ነበር።

እናላችሁ፣ የገዛነው ቅርጹን አይተን ነው። ፍሬሙ የፈረንጆቹን "ዋይ" ፊደል ይመስላል። መሃሉ ላይ ትልቅ ማጠፊያ አለው፤ የኋላው ክንድ በዚያ ማጠፊያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ክንዱ ይታጠፋል፣ ከላይ ያለው አሞርዛተር ይጨመቃል፣ የእናንተ ወገብ ይተርፋል። ሮክሾክስ የሚባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ባለ አሞርዛተር ሹካውን ያወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲያ ፈረንጆቹ "ፊቱ ከተመቸ ኋላውስ?" አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ትሬክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ"ዋይ" ቅርጽ ብቅ ሲል ሌላው ሁሉ ይቀዳው ገባ። የኛው ቀለሙ ተልጦ ስሙ ቢጠፋም ትውልዱ ከፊቱ ይነበባል።

ይዘነው ሰፈር ስንገባ ምክር በነጻ ይታደል ጀመር። ዋናው ምክር "የኋላውን አሞርዛተር ተዉትና በብረት በይዱት፣ ትገላገላላችሁ" የሚል ነበር። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ተበይደው "የተገላገሉ" ብስክሌቶች ሞልተዋል። የኛን ግን ሁለት ነገር ከለከለን። አንደኛ፣ አሉሚኒየም በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። በአርጎን የሚበይድ ብታገኙ እንኳ፣ ፍሬሙ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ከሆነ፣ የብየዳው እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል። ሁለተኛ፣ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምኑን ገዛነው? ክብደቱን?

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መታወቅ ነበረበት። ፍሬሙ ተሰንጥቆ ይሆን? ከመካከላችን አንዱ ቤቱም ሥራውም ወደ እንጦጦ ነው፤ ብስክሌቱ ሲያልቅ በየቀኑ የሚወርድበት እሱ ነው። እናቱ ደግሞ "ልጄን ከመሬት የሚያነሳልኝ ማነው?" ብለው ገና ከፍሬሙ ጀምረው ጠልተውታል። አሉሚኒየም እንደ ብረት አያስጠነቅቅም። ትንሽ ስንጥቅ ተደብቃ ትቆይና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ትለያለች። ስለዚህ የድሮ መካኒኮችን ዘዴ ተጠቀምን። ፍሬሙን አጥበን፣ ብየዳው ያለበትን ሁሉ ነጭ ጋዝ ቀባነው፤ አቆይተን በጨርቅ ጠረግነው፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስንበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ያሳያል። አንድ መስመር ከታየ ብረቱ ተመልሶ ምናለሽ ተራ ነው፤ በዚህ ተስማምተናል። ሦስት ሰው በስልክ መብራት ነጭ ዱቄት ላይ አፍጥጦ ሲያመሽ ያየ ጎረቤት ምን እንዳሰበ እንጃ! መስመር አልታየም። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ በቀን ብርሃን ደገምነው።

አሁን ወደ መለዋወጫው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠብን። አውሮፓና አሜሪካ እንዲህ ያለ ብስክሌት "ጊዜው ያለፈበት" ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ የተራራ ብስክሌት ከ2010ዎቹ ጀምሮ በባለ 27.5 እና በባለ 29 ተተክቷል። ባለ ሰባት ማርሽ ቀርቷል። ባለ አራት ማዕዘን አክሰሉ የርካሽ ብስክሌት ሆኗል። እና መርካቶ ውስጥ ለልጆች የሚሸጠው የቻይና ብስክሌት ምን ይዞ ይመጣል? 26 ጎማ፣ ሰባት ማርሽ፣ አራት ማዕዘን አክሰል! ፍሬኑም ሺማኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ገደማ ያስተዋወቀው የ"ቪ" ፍሬን ቅጂ ነው። እዚያ የሞተው እዚህ በየሱቁ ተሰቅሎ ይሸጣል። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ፔዳል… በአንድ ቅዳሜ ጨረስን። ሹካው ውስጥ የነበረው ላስቲክ በእርጅና ተፈርፍሮ ነበር፤ እሱንም ከአንድ የቻይና ሹካ ባወጣነው ሞላ ተካነው።

(ማሳሰቢያ ለሚሞክር፦ "26" ሁሉ አንድ አይደለም። የተራራ ብስክሌት ቸርኬ የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበት ስፋት 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ "26 በ1 3/8" የሚባለው የድሮው ግን 590 ነው። ቁጥሩን ጎማው ጎን ላይ አንብቡ፤ ባለ ሱቁ "ያው ነው" ቢላችሁ እንዳትሰሙት።)

የፔዳሉን አክሰል መፍታት ግን የሰፈር ውድድር ሆነ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ክንዱን ሰብስቦ ቁልፉን ይሞክራል፣ ያልበዋል፣ "ይሄ በቃ ሞቷል" ብሎ ይሄዳል። ምስጢሩ የጥርሱ አቅጣጫ ነው። በካቴናው በኩል ያለው ክዳን ጥርሱ ግራ ዞር ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። የግራው ፔዳልም እንዲሁ። እንዲህ የተሠሩት ስትነዱ ራሳቸውን እንዳይፈቱ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጎረምሳ "ልፍታላችሁ" እያለ ሲያጠብቅልን ነበር የዋለው! በመጨረሻ ዘይት አጠጥተን አሳደርነው፣ ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክተን ወደ ቀኝ ስንገፋ "ጧ!" አለና ተፈታ።

የቀሩን ሁለት ነገሮች ነበሩ። አሞርዛተሩና የማጠፊያው ቡሽንግ። ከገበያ ያገኘነው አሞርዛተር "750" የሚል የተጻፈበት ወፍራም ሞላ ነው። ውስጡ ዘይት የለውም። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው እንደ ፍየል ግልገል ይዘላል። ሞላ የዋጠውን ሁሉ መልሶ ይተፋላ! ዘይት ያለው አሞርዛተር ግን ሲጨመቅና ሲመለስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚመለሰው። አሞርዛተሩ የሞተ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን በራሱ ጭንቅላት ያውቀዋል። ያንን በሁለት ጎማ የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ማሰብ ነው።

የዳነው በአክስት ነው። የአንዳችን አክስት ከዋሽንግተን ሲመጡ ከሽቶና ከጫማ መሃል ያገለገለ ባለ ዘይት አሞርዛተር ይዘውልን መጡ። እዚያ የሚፈልገው ስለሌለ በርካሽ ነው የተገዛው። "ይሄን ብረት ተሸክሜ የመጣሁት እናንተ እንድትወድቁበት ነው?" አሉን። ዘይት ያፈስ ነበር፤ ጎሚኒውን ከሶማሌ ተራ በልኩ አግኝተን፣ የሞተር ሳይክል ሹካ ዘይት ሞልተን ዘጋነው።

ቡሽንጉ ግን በሻንጣም አይመጣም። ማጠፊያው ላይ የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ጎማው ጋ ሲደርስ ዐይን የሚያየው መወላገድ ይሆናል። ስለዚህ ቶርኖ ያስፈልጋል፤ ቶርኖ ስንል ደግሞ ሁላችንም የምናውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። ፒያሳ አካባቢ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ፤ የት እንደሄዱ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረናል። ከጎናቸው የነበረው በያጅ በአንድ አቅጣጫ፣ ሞተር ጠምጣሚው በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ድሮ አንድ መንገድ ላይ የሚያልቀውን ሥራ አሁን ከተማዋን ዞራችሁ ነው የምትጨርሱት። ሦስት ቅዳሜ ፈልገን ዳር ላይ፣ ከአንድ እንጨት ቤት አጠገብ አገኘናቸው።

"ጋሼ፣ ይህቺን ይሥሩልን።"

አሮጌውን ቡሽንግ አገላብጠው አዩት። "ይሄ የምንድን ነው?"

"የብስክሌት።"

"ብስክሌት እንዲህ ያለ ነገር አለው?" ብለው ሳቁና ካሊፐራቸውን አነሱ። ቀዳዳውን ሦስት ቦታ ለኩት፤ እኛ አንድ ቦታ ነበር የለካነው። ከብሮንዝ ዘንግ ቀስ እያሉ ላጡት፤ በእጅ ተገፍቶ እንዳይገባ፣ በሞርሳ ሲጠብቅ ግን እንዲገባ አድርገው። ክንዱን ስናነሳው በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ጎን ስንነቀንቀው ምንም! ደንበኛ አላቸው ወይ ብለን ጠየቅን። "ድሮ ሰው እየሄደ ያየኝ ነበር፤ አሁን የሚመጣው የሚያውቀኝ ብቻ ነው" አሉ።

ብስክሌቱ አሁን ይሄዳል። ጠባዩም አለው። የፔዳሉ አክሰል የታሰረው ከኋላው ክንድ ጋር ስለሆነ ተቀምጣችሁ ስትነዱ ይለሰልሳል፣ ቆማችሁ ስትነዱ ይደርቃል። ዳገት ላይ ደስ ይላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሰው የሚቆመው በትክክል ልስላሴው በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ይህ ንድፍ በፋብሪካዎቹ ዘንድ የተተወበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጓደኛችን ግን ለምዶት፣ ኮረት ላይ ቂጡን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ይወርዳል። እናቱም አሁን የሚሉት "ፍሬኑን አይተኸዋል?" ብቻ ነው።

እንግዲህ "ጊዜው ያለፈበት" ሲሏችሁ "የት?" ብላችሁ ጠይቁ። የፋብሪካ ዕቃው አላስቸገረንም፤ መርካቶና የአክስት ሻንጣ ሞልተውታል። ሊጠፋብን የነበረው ሰውየው ነው። ያ ቡሽንግ ደግሞ ብሮንዝ ነውና ያልቃል፤ አንድ ቀን እንደገና እንፈልጋቸዋለን። ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም። ስንወጣ ጠርተውን ከሲጋራ ፓኮ በስተጀርባ ሦስቱን ቁጥሮች ጽፈው ሰጡን። "እኔ ብጠፋባችሁ ልኩ አይጥፋባችሁ" አሉ። ፓኮው ከወንበሩ ሥር፣ ከካላማዳሪው መጠገኛ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ቸር ይግጠመን!