ጠፋ ስላልሁት ጽሑፍ

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ክረምቶች አጠገቧ እየተቀመጥሁ የልጅነት ዘመኗን ታወራኝ ነበር፤ እኔም እርሷ እያወራች በኮምፒዩተር ላይ እጽፈው ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ በጎጃም ገጠር እህል በጉድጓድ እንዴት ይቀበር እንደ ነበረ፣ የትኛው ጎረቤት ለማን እንደ ደረሰለት፣ ኋላም በሠርጓ ቀን የዘነበው ዝናብ ሳይቀር የተጻፈው እዚያ ነው። ወደ ወረቀት አልገለበጥሁትም። ድምፅዋንም አልቀዳሁም፤ ይህ ስንፍናዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጽሑፉን ያስቀመጥሁት ጉግል ዶክስ በሚባለው፣ በኢንተርኔት ላይ በሚጻፍበት መሣሪያ ነው። የእኅቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እናቴ ከሞተች በኋላ የፊደል ስሕተቴን በስልኳ ሆና እንድታርምልኝ ፈቅጄላት ነበር። እናቴ ያችን ልጅ አብዝታ ትወዳት ስለ ነበረ፣ ሥራው የሁለታችንም ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ማለዳ ገጹን ብከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ፈጽሞ ባዶም አይደለም፤ አንዲት «ህ» ብቻዋን ከላይ ቆማለች። 47 ገጽ ነበረ። እጄ ቀዘቀዘ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ልብ መጀመሪያ የሚፈልገው የጠፋውን ነገር አይደለም፤ ያጠፋውን ሰው ነው። እኔም አላመነታሁም። ልጅቷን አስጠርቼ፣ እናቷ በተቀመጠችበት፣ «የአያትሽን ነገር በጨዋታ ደመሰስሽው፤ አንቺም ሰው ሆነሽ ትታመኛለሽ?» አልኋት።

«ጋሼ፣ እኔ ከእሑድ ወዲህ አልከፈትኩትም» አለች።

«ውሸቱንም ጨምሪበት» አልሁ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ከዚያም ዕለት ጀምሮ ቤቴ መምጣቷን ተወች።

እኔም ብቻዬን ስታገል ሰነበትሁ። ኮንትሮልና ዜድ የሚባሉትን ቁልፎች አብሬ ብጫን የተመለሰ ነገር የለም፤ ያ ዘዴ የሚሠራው ገጹ ገና ሳይዘጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌሊት ዘግቼው ነበር። ቀጥሎ የተጣሉ ሰነዶች ወደሚቆዩበት ቅርጫት ሄድሁ። እዚያ የሚገባው ግን ሰነዱ በሙሉ ሲጣል ነው፤ 30 ቀን ይቆይና ይጠፋል፤ ከገጽ ውስጥ የተሰረዘ ቃል አይገኝበትም።

በአራተኛው ቀን በሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ለሚያነሣ አንድ ወጣት ነገሩን ባጫውተው ሳቀ። «አባቴ፣ ምንም አልጠፋም» አለና ፋይል ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የስሪት ታሪክ የተባለውን ከፈተ። በቀኝ በኩል ቀኖችና ሰዓቶች ተደርድረው ወጡ። ይህ መሣሪያ ማንም «አስቀምጥ» ሳይለው የተጻፈውን ሁሉ ራሱ ያስቀምጣል፤ በጎውንና ጥፋቱንም አይለይም፤ ባዶውን ገጽ ወዲያው ተቀብሎ ያጸናው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የቀድሞውን ከሥር ያቆየዋል። በየስሪቱም አጠገብ ያን ለውጥ ያደረገው ሰው ስም ይታያል።

ወጣቱ ባዶው ገጽ የተመዘገበበትን መስመር ነካ። ሰዓቱ 12፡07 ይላል፤ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ መሆኑ ነው። አጠገቡ የተጻፈው ስም የእኔ ነበር። የልጅቷ ስም ያለው ከታች፣ በእሑድ ቀን፣ ጥቂት ፊደላት ባረመችበት ላይ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንቅልፍ እያዳፋኝ የፊደሉን መጠን ላሳድግ ብዬ ጽሑፉን በሙሉ መርጬው ነበር። በተመረጠ ጽሑፍ ላይ አንድ የፊደል ቁልፍ ቢነካ፣ ሁሉ ተሰርዞ በዚያች ፊደል ይተካል። ነካሁ፤ አላየሁም፤ ዘግቼ ተኛሁ።

ወጣቱ የደኅናውን ስሪት መርጦ እንዲመለስ ሲያዘው 47ቱ ገጽ እንዳለ መጣ። ባዶውም ገጽ ከታሪኩ አልተፋቀም፤ መመለሱ ራሱ አዲስ ስሪት ሆኖ ከላይ ተጨመረ እንጂ በመካከል የሆነው አልጠፋም። ስለዚህ ያች የእኩለ ሌሊት ስሕተቴ ከነስሜ እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

እዚህ ላይ የነቢይ መኮንንን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመውን የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ ከሲጋራ ፓኮ በወጣ 3,000 ያህል ብጣሽ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ተረጐመው። የሚፈቱ እስረኞች ጽሑፉን እየደበቁ ያወጡለት ነበር፤ ከተፈታም በኋላ የተበተነውን ከየሰዉ እጅ ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የእርሱን ሥራ የጠበቀው የሰው ኪስ ነው፤ በሰው ታምኖ ነው የሰጠው። እኔ ግን የእናቴን ቃል ከእኔ ጋር የተሸከመችውን አንዲት ልጅ ሳልመረምር ውሸታም አደረግኋት።

ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ ሁለት ቀን ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ። ነገሩ በራሱ ይረሳል ብዬ አስቤ ነበር። ደግሞ ስጦታ ገዝቼ ልላክላት አልሁ፤ ይህም ይቅርታን በገንዘብ መሸሽ መሆኑን ልቤ ያውቀው ነበር። በአገራችን ታላቅ ሰው ታናሹን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደበትም፤ ከባድ የሆነብኝም ይኸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ለተናገርሁት ቃል ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አልተገኘለትም።

በመጨረሻ እኅቴ ቤት ሄድሁ። የከሰስኋት በእናቷ ፊት ነበርና በእናቷ ፊት «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በሐሰት ስለ ከሰስሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። ልጅቷ አፍራ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እኅቴ «ተይው፤ ይጨርስ» አለቻት። ጨረስሁ።

አሁን ጽሑፉን በየወሩ በወረቀት አትሜ ሣጥን ውስጥ አኖራለሁ። ልጅቷም ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ለአንድ ስሪት ስም መስጠት እንደሚቻል ያሳየችኝ እርሷ ናት፤ ሙሉውን ጽሑፍ የያዘውንም ራሷ ሰየመችው። ታሪኩን በከፈትሁ ቁጥር አነበዋለሁ፤ «ጋሼ ከመንካታቸው በፊት» ይላል።