የፎቶግራፏ አራተኛ ሰው

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ጥቂት ገለል ብዬ ስለ አንዲት ፎቶግራፍ ላጫውታችሁ አሰብኩ። መንገዱ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው እንደሚመልሰን ግን ከወዲሁ እናገራለሁ።

ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ከሳጥናቸው ግርጌ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተገኘች። አራት ወታደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከጀርባዋ በወንድ አያቴ የእጅ ጽሑፍ ሦስት ስሞች ሰፍረዋል፤ አራተኛው ስም በምላጭ ተፍቋል። ከግርጌው «1953» ይላል።

ለእኛ ቤት ይህ ቁጥር በቂ ነበር። ወንድ አያቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩና 1953 ዓ.ም. ማለት የታኅሣሡ ግርግር ማለት ነው። ስለዚህ አራተኛው ሰው ከነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ያመፀ መሆን አለበት ተባለ።

እኔ ግን ፎቶግራፏን በአጉሊ መነጽር ተመለከትኩ። ከኋላቸው ያለው ተራራ በረዶ ለብሷል። በአንደኛው ትከሻ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ፤ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በዚሁ ክፍለ ጦር ሥር ነበር። ቁጥሩ ለካ የፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል!

ፎቶግራፏን ይዤ ዕድሜያቸው ከዘጠና ወዳለፈ አንድ የኮርያ ዘማች ዘንድ ሄድኩ። ብዙ አላዩም።

«ይህማ አያትህን ቆስሎ ሳለ ከተራራ ተሸክሞ ያወረደው ነው» አሉኝ። ስሙንም ነገሩኝ። «ከኮርያ በደኅና ተመለሰ። በታኅሣሡ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ።»

«ታዲያ ስሙን ማን ፋቀው?»

«አያትህ ነዋ፣ ልጄ። ሁላችንም ፍቀናል።»

ሙት ወቃሽ አልሆንም። ከግርግሩ በኋላ የክብር ዘበኛ ሰዎች በጅምላ ሲታሰሩ ያ ስም ቤት ያፈርስ ነበር። ኋላም ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ፣ ቃኘው የሚያኮራ ሳይሆን የሚደበቅ ስም ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ «1953»ን በእኛ አቆጣጠር ብናነብ በንጉሡ ዘመን ያስጠይቃል፤ በፈረንጅ ብናነብ በደርግ ዘመን ያሳፍራል። ለአንዲት ፎቶግራፍ የሚሆን ደኅና ቀን ጠፋ።

ይህ ሰው «ያልታወቀ ወታደር» አልነበረም። የሚያውቁት ሰዎች ፈርተው እንዳይታወቅ ያደረጉት ወታደር ነበር። ከኮርያ በሕይወት ስለተመለሰ እዚያ ከወደቁት ከ120 በላይ ጓዶቹ ጋር አይቆጠርም፤ እዚህ በአመፀኝነት ስለሞተ የሚያነሳው አላገኘም። አገራችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ምላጭ ታነሳለች።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የወደቁት ወጣቶች ምስል በየስልካችን አለ። በየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ዛሬውኑ ይጻፍ፤ ነገ ማን ምን እንደሚያስፍቀን አናውቅምና።

የአራተኛውን ሰው ዘመዶች ገና እየፈለግሁ ነው፤ ሳላስፈቅዳቸው ስሙን እዚህ አላወጣም። በፎቶግራፏ ጀርባ ግን፣ ከተፋቀው ቦታ ላይ፣ በቀለም መልሼ ጽፌዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።