ነጯ የት ቆመች?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅ ከተማን መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። ፑል የለመድኩት በዚያ መንገድ ዳር፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻ በነበረው ቤት ነው። ተራ ጠባቂው ብዙ ስለነበር ሦስት ሦስት ሆነን እንገባለን።

የሦስት ሰው ጨዋታ ሕጉ ቀላል ነው። 15ቱ ኳሶች ይከፈላሉ፤ ከ1 እስከ 5 ለአንዱ፣ ከ6 እስከ 10 ለሌላው፣ ከ11 እስከ 15 ለሦስተኛው። የምታስገባው የሌሎቹን ነው። አምስቱም የገቡበት ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ ኳስ የቀረለት ያሸንፋል። ነጯን ያስገባ ደግሞ ይቀጣል፤ ከገቡት የሁለቱ ተጋጣሚዎቹ ኳሶች አንዳንድ ወጥተው ይመለሳሉ። ጨርሶ የወጣ ሰው እንኳ በዚህ ሊመለስ ይችላል።

ዓይኑ የማይስት ሰው ይህን ጨዋታ ያሸንፋል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን በ2003 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን ያየሁትን አምናለሁ። ዕለቱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነበር። ከተማው ተሳላሚ በተሳላሚ ሆኗል። ሰው ጭኖ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መንገደኞቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ብሎ ፑል ቤት ገባ። ሦስተኛችን በዕድሜ የገፉ፣ በወጣትነታቸው ደሴ ላይ ከረንቡላ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። የከረንቡላ ጠረጴዛ ቀዳዳ የለውም፤ እዚያ ያደገ ሰው ኳስ ከማስገባት ይልቅ ኳስ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ይቀናዋል።

ሹፌሩ ስቴካውን ጠመኔ ቀብቶ በተነ። እጁ የሚያስደንቅ ነበር፤ በአንድ ተራ ከእኔ ሦስት፣ ከጋሼ አንድ አስገባና ሳተ። የእኔ አንዷ ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች፤ ሕፃን ልጅ ያስገባታል። ተራው የጋሼ ነበር። አልነኳትም።

«ጋሼ፣ እቺን ተዉዋት?» አለ ሹፌሩ።

«እሱ ከወጣ አንተን ብቻዬን ልችልህ ነው?» አሉት።

ከሹፌሩ አንዷን አስገቡ። ቀጥለው ደግሞ ሌላዋን በቀስታ ነካ አድርገው ነጯን መሀል ላይ አስቆሟት። ከነጯ ፊት ለፊት የሚታዩት የሹፌሩ ሁለት ኳሶች ብቻ ነበሩ። የራሳቸው ጠርዝ ጠርዙን ተለጥፈዋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አንዷንም ከቦታዋ አላነቃነቁም። ቀጥዬ የምመታው እኔ ነበርኩ። «አብሽር፣ ምታ» አሉኝ። ሁለቱንም አስገባሁ፤ ሦስተኛዋን ሳትኩ።

ሹፌሩ ሁለት ብቻ ቀርተውት ተናደደ። ጠርዝ የተለጠፈችውን የጋሼን ኳስ በኃይል መታ፤ ነጯ ተንከባልላ ገባች። የእኔም የጋሼም አንዳንድ ኳስ ተመለሰ። የጋሼ አምስቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ጋሼ የሹፌሩን ሁለት ኳሶች ለቅመው አስወጡትና፣ እስከዚያ ድረስ አፍ ላይ ያቆዩልኝን ኳስ በአንድ ንክኪ አስገቧት። የቀሩኝን ሁለቱንም ብዙ ሳይቆዩ ጨረሱልኝ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ዛሬም ስጫወት አይለየኝም። በሦስት ሰው መሀል ብርቱው ብቻውን ጎልቶ ከታየ ሁለቱ ሳይመካከሩ ይተባበሩበታል። ጋሼ ይህን ያውቁ ስለነበር የእኔን ድካም አልናቁትም፤ ተጠቀሙበት። ከሚመቱት ኳስ በፊት ከእሳቸው ቀጥሎ የሚመታውን ሰው ያያሉ።

ሹፌሩ የጠረጴዛውን ከፍሎ «ድገሙኝ» አለ። ጋሼ ኳሶቹን እየደረደሩ፣ «አሁን ደግሞ ከዚህ ልጅ ቀጥዬ እኔ ልምታ» አሉ። እኔ ስስት የምተወውን ሊለቅሙ ነው። ሹፌሩ ስቴካውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንሽ አሰበና፣

«የለም ጋሼ፣ ዕጣ እንጣል» አለ።