ቬኒስን አየን

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከሁለት ወዳጆቻችን ጋር ቬኒስን አየን። ቬኒስ በኢጣሊያ አገር፣ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ሳይመጣ አገር እንይ ብለን ነው የሄድነው።

በከተማዋ ውስጥ ለውስጥ መኪና አይሄድም። አትክልቱም፣ ቆሻሻውም በጀልባ ነው የሚጓዘው። የቆዩት ቤቶች የቆሙት ጭቃ ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው። ጭቃው አየር ስለሚከለክል ግንዱ ቶሎ አይበሰብስም። ይገርማል!

ድልድዮቹ ከ400 ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹ ደረጃ አላቸው። ይህ ለነፍሰ ጡር ይከብዳል። በየድልድዩ አረፍን።

«ድንገት ምጥ ቢመጣስ?» አለች ባለቤቴ።

ያን ጊዜ አንድ ጀልባ እየጮኸ አለፈ። በሽተኛንም ወላድንም ሆስፒታሉ ድረስ የሚያደርስ ጀልባ ነው። አየችውና «በሉ እንግዲህ፣ አንድ ድልድይ እንጨምር» አለች።