ይህን ስልክ ለምን መረጥኩ?



ውድ አንባብያን! በዚህ ዓምድ ስለ አንድ የእጅ ስልክ ለመጻፍ መነሳቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ስልክ ዛሬ ገንዘባችንን፣ ጊዜያችንንና የልጆቻችንን ዓይን የሚወስድ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ ለምን ብለን እንደምንገዛው መመካከሩ ይጠቅማል ብዬ አመንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ገርጂ ላይ ከታክሲ ስወርድ የቀድሞው ስልኬ ከኪሴ ሾልኮ ጎርፍ ውስጥ ገባ። አውጥቼ ባደርቀውም አልነሳ አለ። የዕቃውስ መጥፋት ባልከበደኝ ነበር፤ ሆዴን የቆረጠው በውስጡ የነበረው ድምፅ ነው። ወሎ ደረሳ ሳለሁ ያቀሩኝ ሼኽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወደ አኼራ ከመሄዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ልዘይራቸው ሄጄ ደርስ ሲሰጡ ቀድቻቸው ነበር። እርሳቸው የጻፉት ኪታብ የለም፤ ፎቶግራፍ መነሳትም አይወዱም ነበር። በእጄ የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነበር።

መገናኛ ካሉት ጠጋኞች አንዱ ስልኩን ፈቶ አየውና፣ «ኡስታዝ፣ ዋናው ቦርድ ተበላሽቷል። ድምፁ ሜሞሪ ካርድ ላይ ቢሆን ኖሮ ካርዱን አውጥተን በሌላ ስልክ እንከፍተው ነበር። ይኼ ግን የካርድ ቦታ የለውም» አለኝ። እንዳስረዳኝ ከሆነ በዛሬ ስልኮች ውስጥ ያለው ማስቀመጫ ከቦርዱ ጋር የተያያዘና በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ነው፤ ቦርዱ ሲሞት ያለውን ሁሉ ይዞ ይሞታል። ያንን ስልክ ቀጭንና የሚያምር ነው ብዬ የመረጥኩት እኔው ነበርኩ። ማንን ልወቅስ?

አዲስ ለመግዛት ስነሳ ቤት ውስጥ ምክክር ተጀመረ። 12ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ፣ «አባዬ፣ ከገዛህ አይቀር ጥሩውን ግዛ። የተማሪዎችህ ወላጆች የሚይዙትን አታይም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቦሌ ውስጥ ልጆች ሳቀራ የብዙ ወር ደመወዜን የሚያወጣ ስልክ ከፊቴ ሲቀመጥ አያለሁ። አልዋሽም፤ የእኔን ከኪሴ ሳላወጣ የቀረሁበት ቀን አለ። ባለቤቴ ግን፣ «የቤት ኪራዩን እንዳትረሳ» ብላ ዝም አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደናረ የቤት አስተዳዳሪ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነጋዴ ውዱን ስልክ በየወሩ እየከፈልኩ እንድወስድ ጠየቀኝ። ዋጋው አስቀድሞ ቁርጥ ከሆነ በየወሩ እየከፈሉ መግዛትን ብዙ ዑለማእ ፈቅደዋል። ወረቀቱን ሳነበው ግን ክፍያው ከዘገየ በዕዳው ላይ በየቀኑ የሚጨመር ገንዘብ ተጽፎበታል። ይህ ወለድ ነው። ጠዋት ልጆችን ስለ ሪባ አስተምሬ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ልፈርም? ወረቀቱን አመስግኜ መለስኩለት።

በመጨረሻ የገዛሁት ቴክኖ ስፓርክ 20 ነው፤ ያውም በጥሬ ገንዘብ። ምክንያቶቼም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከሁለት ሲም ካርዶች ሌላ ለሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው። በአንዱ ሲም በኢትዮ ቴሌኮም አገር ቤት ያለችውን እናቴን እጠይቃለሁ። ሁለተኛውን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ለጀመረው ለሳፋሪኮም ሰጠሁት።

ሁለተኛ፣ ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል። መብራት ሲጠፋ የሚያድር ስልክ ለእኛ ሰፈር ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ተማሪዬ ቂርኣት በቀላል ዋጋ በተገዛ ማዳመጫ ይሰማል፤ ካርዱ ላይ ስላለም ኢንተርኔት አይፈልግም።

አራተኛ፣ ጠጋኝ አይቸግረውም። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ የስልክ መገጣጠሚያ ከፍቷል፤ በኋላም እዚሁ በእኛ አቅጣጫ ጎሮ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ፋብሪካ አቋቁሟል። ስለሆነም ስሙ በአገራችን የቆየ ነው፤ መስታወቱ ቢሰበር መገናኛ ሄዶ ማስቀየር ይቻላል።

ውዶቹ ስልኮች የሚያነሱት ፎቶ ከዚህኛው እንደሚበልጥ አልክድም። እኔ ግን ፎቶ አንሺ አይደለሁም። አላህ ሰፊ ሲሳይ የሰጠው ወንድም ውዱን ቢገዛም አላወግዘውም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል። የምፈራው የሰው ዓይን ፍለጋ ተበድረን የምንገዛውን ነው። እኔም ለዚያ ቀርቤ ነበርና አውቀዋለሁ።

አዲሱን ስልክ ከገዛሁ በኋላ አብረውኝ ለቀሩ ደረሳዎች ደውዬ የሼኻችን ድምፅ ያለው ካለ ጠየቅኩ። ከሚሴ ያለ አንድ ወንድሜ አራት ደቂቃ የሚሆን በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ የቀዳሁት ደርስ አይደለም፤ እርሱ ጠፍቷል። በዚህኛው አንድ ደረሳ አንብቦ ሲሳሳት ይሰማል፤ ሼኹ ይስቁና ቀስ ብለው ያርሙታል። ልጄ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆየችና፣ «አባዬ፣ ሼኽህ ይስቁ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ስለ እርሳቸው ቁጣ እንጂ ስለ ሳቃቸው አውርቼላት አላውቅም ነበር። ያን ምሽት ስለ ውድ ስልክ አላነሳችም፤ ድምፁን ወደ ካርዱ፣ ወደ እናቷና ወደ ራሷ ስልክ ገለበጠችው። ካርድም ይጠፋል፤ ይበላሻልም። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንዳልተቀመጠ መቁጠር ይሻላል።

ወንድሞችና እህቶች! ስልክ ስትገዙ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት «ምን ላስቀምጥበት ነው? ለማን ልደውልበት ነው? ከየት ባመጣሁት ገንዘብ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እናት፣ አባት፣ ያቀራችሁ ሼኽ በሕይወት ካሉላችሁም ዛሬውኑ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ሳትተኙም ሌላ ቦታ ገልብጡት። እኔ ነገ እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ።

አላህ በሰጠን ነገር ተጠቃሚዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።