አውጥታችሁ ጣሉት?

ፍራሽ አንጥፈን ቤት ያደረግናት አሮጌ ሃይስ አለችን። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስንሄድ፣ ደዴሳን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ሞተሯ ይግላል። የየጋራዡ ምክር አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት!»

እኛ አልጣልነውም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። ከሌለ በነቀምቴ ጠዋት ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በ82 ፋንታ በ76 ዲግሪ የሚከፈት መግዛትም መፍትሔ አይደለም፤ በሩ ቀድሞ ይከፈታል እንጂ የተደፈነ ራዲያተር አይጠራም።

ስለዚህ ለሞተሯ የታዘዘውን ባለ82 ገዛን። ድስት ውስጥ ከትተን አሞቅነው፤ በነቀምቴ ከፍታ ውሃ በ93 ገደማ ይፈላልና፣ ሳይፈላ ተከፈተ። ራዲያተሩንም አሳጠብን። ቴስታታው ሳይጣመም በሽታውን መፈለግ ይሻላል። ጎበዝ፣ ያስቸገረንን ሁሉ እየነቀልን ከጣልን ምን ሊተርፈን ነው?