ከአፈር ቆዳ በታች

በአሶሳ በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ወርዶ ጣሪያ የሚደበድብ፣ ወዲያውም የሚቀልጥ ጠጠር ነው። በከተማዋ ያደገችው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን የርቀት ዳሰሳ ትምህርቷን የጀመረችው ወራት ሙሉ ምድርን ሸፍኖ ስለሚቆይ በረዶ በማንበብ ነበር። ምድር የምታወጣውን ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር የደረቅ በረዶ ቅንጣቶች ይበትኑታል፤ ሳተላይቱም ከጨረሩ መቀነስ ተነሥቶ የበረዶውን ጥልቀት ይገምታል። በረዶው ላዩ በጥቂቱ እንኳ ከረጠበ ግን ከሥር ያለው ይሰወራል። ይህን ዐረፍተ ነገር አስምራበት አለፈች፤ ለአሶሳ ይጠቅማል ብላ አላሰበችም።

የመመረቂያ ጥናቷ ስለ አፈር እርጥበት ነበር። ናሳ በጥር 2007 ዓ.ም. ያመጠቀው ስማፕ የምድርን ጨረር በ1.4 ጊጋኸርዝ ይለካል። አፈር ሲርስ የሚያወጣው ጨረር ስለሚቀንስ እርጥብ መሬት ለመሣሪያው ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ከግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ ማግሥት የአሶሳ አሃዝ ሲያሻቅብ ባየች ጊዜ፣ በረቂቋ ላይ «ከዚህ መጠን በላይ ሲሆን ማሽላ መዝራት ይቻላል» ብላ ጻፈች።

ለማረጋገጥ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ማሳ ሄደች። የማሳው ባለቤት አዛውንት አሃዙን በጥሞና አዳመጡና ጎንበስ ብለው መሬቱን ቆፈሩ። ላዩ ርሷል፤ ከአንድ ስንዝር በታች ያለው ቀይ አፈር ግን እንደ ዱቄት ይበናል።

«ልጄ፣ ይኼ የላይ ላይ ነው። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ሥሩ ምን ይጠጣል?»

አንድ ዓመት ቸኩለው የዘሩት ቡቃያ ደርቆባቸው ለሁለተኛ ዘር መበደራቸውን ነገሯት።

መሣሪያው አልተሳሳተም። ስማፕ የሚያነበው የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ንባቡም ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቦታን፣ ማሳውንም የቀርከሃ ደኑንም በአንድ አማካይ ይጠቀልላል። ስሕተቱ የገባው እርሷ በጨመረችው «ይቻላል» በሚለው ቃል ነበር።

ያን ምሽት ያሰመረችበት የበረዶ ዐረፍተ ነገር ትዝ አላት። የራሷን ሰረዘች፤ በምትኩ ልኬቱ የሚደርስበትን ጥልቀትና ስፋት አሰፈረች። ከዚያም በ5፣ በ20 እና በ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር እየወሰደች፣ እየመዘነችና እያደረቀች መመዝገብ ጀመረች። አዛውንቱ ዘራቸውን ያወጡት በመዝገቧ ላይ የ20 ሴንቲ ሜትሩ አፈር እርጥብ ሆኖ በታየበት ሳምንት ነበር።